አልገባም ያለኝ ማርሽ፦ ከአይሱዙ ወደ ባለ አሥር ማርሹ የአሜሪካ ትራክ

አገር ቤት ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው አሜሪካ መጥቶ ሲዲኤል (የንግድ ከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ላውጣ ሲል የሚገጥመው ነገር ያስቃልም፣ ያናድዳልም። ሰውየው ነባር ሹፌር ነው። ጭነት ያውቃል፣ ዳገት ያውቃል፣ ሌሊት መንዳት ያውቃል። ማሠልጠኛው ግቢ ውስጥ ትራኩ ላይ ይወጣል። ሞተር ያስነሳል፣ ማርሽ አስገብቶ ይንቀሳቀሳል። ቀጣዩን ሊያስገባ ሲል ካምቢዮው ግርርር ይላል። አይገባም። ኃይል ይጨምራል፣ ጭራሽ ይብስበታል። ከዚያ ከቤት መኪና በላይ ነድቶ የማያውቅ አንድ ልጅ በተራው ይወጣና ከእሱ ቀድሞ ይለምደዋል።

እኔም ከነዚያ ነባር ሹፌሮች አንዱ ነኝ። አገር ቤት የምነዳው አይሱዙ ኤፍኤስአር ነበር። ስድስት ማርሽ ነው፣ ሲንክሮ አለው። ፍሪሲዮን ትረግጣለህ፣ ትጎትታለህ፣ ይገባል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የዓባይ በረሃ በእሱ ስወርድና ስወጣ ኖሬያለሁ። ዛሬ የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። እዚህ የሐበሻ ሹፌር ሞልቷል። በየጊዜው አንድ ሰው ይደውልና «ማንዋሉ አልገባኝ አለ፣ ምን ላድርግ?» ይለኛል። በስልክ ደጋግሜ ከማስረዳ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ግን «አሁን ማን ማንዋል ይነዳል?» ለሚሉት። እውነት ነው፣ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከፋብሪካ የሚወጣው አብዛኛው የረጅም ርቀት ትራክ በራሱ ማርሽ የሚቀይር ነው። የቮልቮው አይ-ሺፍት አለ፣ የፍሬይትላይነሩ ዲቲ12 አለ። ትልቅ ኩባንያ ገብተህ የእነሱን መኪና ለመንዳት ከሆነ ሐሳብህ፣ ማንዋል ላያስፈልግህ ይችላል። ነገር ግን ፈተናውን በአውቶማቲክ ከተፈተንክ መንጃ ፈቃድህ ላይ «ኢ» የምትል ገደብ ትገባለች። ማንዋል የሆነ የንግድ ከባድ መኪና መንዳት አትችልም ማለት ነው። በኋላ የራስህን ያገለገለ ትራክ ልግዛ ብትል፣ ገልባጭ ልንዳ ብትል፣ አንድ ጓደኛህ ጥሩ ፒተርቢልት ትራክ በጥሩ ዋጋ ቢያገኝልህ ያቺ ፊደል ትይዝሃለች። ለማስነሳት ደግሞ በማንዋል መኪና እንደገና መፈተን አለብህ። ስለዚህ እኔን ከጠየቅከኝ ከመጀመሪያው በማንዋል ተፈተን። ከፌብሩዋሪ 7፣ 2022 ጀምሮ አዲስ ሲዲኤል የሚያወጣ ሰው በፌዴራሉ መዝገብ ላይ ካለ አሠልጣኝ መሠልጠን ግዴታው ነው። ከመክፈልህ በፊት ማንዋል መኪና እንዳላቸው ጠይቅ፤ «አለን» ካሉህም የሚሠራ መሆኑን ሄደህ በዓይንህ እይ። (የምጽፈው «አንተ» እያልኩ ነው እንጂ ሴት ሹፌሮችም እየበዙ ነው። አንቺም ብትሆኚ ነገሩ ያው ነው።)

አሁን ወደ ካምቢዮው። እዚህ የምታገኘው ማንዋል በአብዛኛው ኢተን ፉለር የሚባለው ነው። ባለ 9፣ ባለ 10፣ ባለ 13፣ ባለ 18 ማርሽ አለው። ማሠልጠኛዎች ዘንድ የተለመደው ባለ 10 ነው። የዚህ ካምቢዮ ዋናው ክፍል ሲንክሮ የለውም። ሲንክሮ ማለት ማርሹ ከመግባቱ በፊት የሚገናኙትን ሁለት ክፍሎች ፍጥነት አሽቶ እኩል የሚያደርግልህ ቀለበት ነው። አይሱዙው ላይ ያ ቀለበት ሥራውን ሲሠራልህ ስለኖረ አንተ አታውቀውም። እዚህ ያንን ሥራ ለሹፌሩ ትተውታል። ምክንያትም አላቸው። የሚያልቅ ቀለበት የለም፤ ካምቢዮው ከባድ ጭነት ይችላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል።

የአዲስ አበባ ሚኒባስ ወያላን አስበው። ታክሲው እየሄደ ሊገባ ሲፈልግ መጀመሪያ አብሮት ይሮጣል። እግሩ ከታክሲው እኩል ሲሆን ዘው ይላል። ቆሞ ልዝለል ቢል ይወድቃል። ማርሹም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ እኩል መሮጥ፣ ከዚያ መግባት። ጉልበት እዚህ ቦታ የለውም። የፊያት ኤንትሬ ዘመን ሹፌሮች ማርሽ ሲቀንሱ ዜሮ ላይ (ምንም ማርሽ ሳይገባ) ነዳጅ ሰጥ የሚያደርጉት ለጌጥ አልነበረም ማለት ነው። እኛ በሲንክሮ ስለጀመርን ነው የቀረብን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማርሽ ስትጨምር ፍሪሲዮን ርገጥ፣ ወደ ዜሮ አውጣ፣ ፍሪሲዮን ልቀቅ፣ እንደገና ርገጥ፣ አስገባ። ሁለት ጊዜ ነው የምትረግጠው። መሐል ላይ መልቀቁ ለምን አስፈለገ? ዜሮ ላይ ሆነህ ፍሪሲዮኑን ስትለቅ ሞተሩ ከካምቢዮው የፊት ዘንግ ጋር ይያያዛል። የሞተሩ ዙር ሲወርድ ውስጥ ያሉት ጥርሶችም አብረው ይቀንሳሉ። ካልለቀቅክ ሞተሩ ለብቻው ይወርዳል፣ ጥርሱ ለብቻው ይሽከረከራል፤ አንተም ሞተሩን እየሰማህ ትታለላለህ።

ባለ 10 ላይ ከአንዱ ማርሽ ወደሚቀጥለው ያለው ልዩነት በደቂቃ 400 የሞተር ዙር ገደማ ነው። 1,500 ላይ ካወጣህ ሞተሩ 1,100 አካባቢ ሲደርስ ቀጣዩ ይገባል። ቀድመህ ብትሞክር ይጮሃል። ዘግይተህ ብትሞክርም ይጮሃል። መግቢያዋ አጭር ናት፣ ግን አለች፤ ሁልጊዜም እዚያው ቦታ ናት።

ይህን ሁሉ ማሠልጠኛው በደንብ አስረድቶኛል። ጭንቅላቴ ገብቶታል። እጄ ግን አልሰማም። የረዳኝ አንድ ነባር ሐበሻ ሹፌር ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ፐርሚት (የመለማመጃ ፈቃድ) ካወጣህ ሲዲኤል ያለው ሰው አጠገብህ ተቀምጦ መለማመድ ስለምትችል፣ እሁድ እሁድ ባዶ ግቢ ውስጥ በእሱ አሮጌ ፍሬይትላይነር ያለማምደኝ ጀመር። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ወረቀት ቀዶ የዙር መቁጠሪያው ላይ በፕላስተር መለጠፍ ነው።

«ጋሼ፣ ኧረ ሳላይ እንዴት እነዳለሁ?»

«ዓይንህ መንገድ ላይ ይሁን። እጅህ ከጆሮህ ቀድሟል። ዜሮ ላይ አውጣትና ዝም ብለህ ስማት።»

አወጣሁ። ሞተሩ እየወረደ መጣ። እጄ ማርሹን ገፋ፤ ግርርር።

«አትግፋት! እጅህን ክፈት። በሁለት ጣት ያዝ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት፣ በቃ። በሁለት ጣት ካልገባ ጊዜው አይደለም።»

በሁለት ጣት ያዝኩ። እንደገና አወጣሁ። ድምጹ ከጩኸት ወደ ማጉረምረም ሲወርድ ማርሹ ጣቴ ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ጥርቅም ብሎ ገባ። ምንም አልገፋሁትም። ከዚያ በኋላ ያለው ልምምድ ብቻ ነው። ሌላ ምንም ባትወስድ ይህችን የሁለት ጣት ነገር ውሰድ። ሙሉ እጅህን ስትጠቀም ጉልበትህ ሳታውቀው ይመጣል፤ በተለይ አገር ቤት ያረጀ ካምቢዮ እየታገለ የኖረ ሰው። ሁለት ጣት ግን መታገል አይችልም።

ከዚያ ደግሞ ጋሼ አንዲት ጥያቄ አመጣ። ምንም እየሠራን ቢሆን ድንገት «ስንት ማይል ነህ? ስንተኛ ላይ ነህ?» ይለኛል። ፍጥነቱን እነግረዋለሁ። ማርሹን ግን ረስቼዋለሁ። ያኔ ነው የገባኝ፤ እኔን ያስቸገረኝ ሁለት ጊዜ መርገጡ አልነበረም። እግር ቶሎ ይለምዳል። የሚከብደው የትኛው ማርሽ ላይ እንዳለህና ቀጥሎ የትኛው እንደሚገባ እጅህ ሳይንቀሳቀስ በፊት ማወቅ ነው። አይሱዙ ላይ ተሳስተህ ሦስተኛን ትተህ አራተኛ ብታስገባ ሲንክሮው ይሸከምልሃል። እዚህ የምትፈልገውን ቁጥር ሳታውቅ ማርሽ ካወጣህ መሐል መንገድ ላይ ማርሽ አልባ ሆነህ ትቀራለህ።

ለዚህ አንድ ቆንጆ ዘዴ አለ፤ ማሠልጠኛዎችም ያስተምሩታል። የፍጥነቱን ሁለት አሃዞች ደምር። 15 ማይል ከሆንክ 1 ሲደመር 5፣ ስድስተኛ። 25 ሰባተኛ ነው። 35 ስምንተኛ፣ 45 ዘጠነኛ፣ 55 አሥረኛ። የሚሠራው ለባለ 10 ነው። እንደ ዲፈረንሻሉና እንደ ጎማው መጠን ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ግን ወደ ሰፈሩ ያደርስሃል። ኪሎ ሜትር ለለመደ ሰው መጀመሪያ ግራ ያጋባል። ወደ ኪሎ ሜትር እየመለስክ አታስብ፤ 55 ስታይ 88 ኪሎ ሜትር እያልክ ስታሰላ መታጠፊያው ያልፍሃል። ማይሉን እንዳለ ተቀበለው።

እኔ የቤት መኪናዬን ስነዳ ሳይቀር ልማድ አድርጌው ነበር። የቤት መኪናዬ አውቶማቲክ ናት። ግን መብራት ጋ ስቀርብ «35፣ ስምንተኛ፤ 25፣ ሰባተኛ» እያልኩ ለብቻዬ አወራለሁ። ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» ብላኛለች። ይሥቁብህ፣ ግድ የለም። ነዳጅ የማይፈጅ ልምምድ ነው።

አሁን እጀታው። ማርሽ መቀየሪያው ላይ ከፊት በኩል ትንሽ ማንሻ አለች። ወደ ታች ስትሆን ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ነህ። ወደ ላይ ስታነሳት ያው አምስቱ ቦታ ከስድስተኛ እስከ አሥረኛ ይሆናል። ስለዚህ ከአምስተኛ ወደ ስድስተኛ መሄድ ማለት እጀታውን አንደኛ ወደነበረበት ቦታ መመለስ ነው። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ማንሻዋን ማንሳት ያለብህ ገና አምስተኛ ላይ እያለህ ነው። ካነሳሃት በኋላ ወደ ዜሮ ስታወጣ ውስጥ ያለው አየር ሥራውን ይሠራል፣ አንተ ታስገባለህ። ዜሮ ላይ ከደረስክ በኋላ ማንሳት ልማድ አይሁንብህ፤ የኋላውን ክፍል ሲንክሮ ይጎዳል። አዎ፣ ይህኛው ክፍል ሲንክሮ አለው። ስትቀንስም እንደዚሁ፤ ስድስተኛ ላይ እያለህ ማንሻዋን አውርድ፣ ከዚያ አውጣ። በከፍተኛ ፍጥነት ስትሮጥ ግን ማንሻዋን አትንካት። በ50 ማይል እየሄድክ ወደ ታችኛው ክፍል ልግባ ብትል የምትሰማው ድምፅ ደስ አይልም።

አንድ ሌላ ነገር። ሁለት እጀታ ተመሳሳይ ስለሆነ ማርሹ አንድ ነው ማለት አይደለም። የአራትና የአምስት ቦታ የተቀያየረባቸው ባለ 10ዎች አሉ። የማታውቀው መኪና ላይ ስትወጣ መጀመሪያ ዳሽቦርዱ ወይም የፀሐይ መከላከያው ላይ የተለጠፈውን የማርሽ ሥዕል ፈልግ። ሞተር ሳታስነሳ ፍሪሲዮን ረግጠህ ሁሉንም ቦታ በእጅህ ዙረው። ሰው ቢያይህም ግድ የለም።

ስለ ፍሪሲዮን ደግሞ እኛ ሐበሾች በተለይ መስማት ያለብን ነገር አለ። እኛ የተማርነው እስከ ወለሉ መርገጥ ነው። አሠልጣኙም «ጨርሰህ ርገጥ!» እያለ ነው ያሳደገን። እነዚህ ትራኮች ላይ ግን ፔዳሉ ወለሉ ጋ ሲደርስ የፍሪሲዮን ፍሬን የሚባል ነገር ይሠራል። ሥራው የካምቢዮውን የፊት ዘንግ ማቆም ነው። ቆመህ አንደኛ ወይም የኋላ ማርሽ ስታስገባ በጣም ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ይጮሃል። መኪናው እየሄደ ግን ወለሉን መንካት የለብህም። በፍጥነት የሚዞረውን ዘንግ በድንገት ትይዘዋለህ፤ ማርሹ አይገባም፣ ፍሬኗም ታልቃለች ወይም ትሰበራለች። እየሄድክ የሚያስፈልግህ ፔዳሉን ከላይ ትንሽ መንካት ብቻ ነው፤ ከአምስት እስከ ስምንት ሴንቲ ሜትር ይበቃል። እኔ እግሬን ለማስተማር ተረከዜን ወለሉ ላይ ተክዬ በጣቶቼ ብቻ መርገጥ ጀመርኩ። እግር ሙሉ ከፍ ብሎ ሲመጣ ሁልጊዜ ወለል ይደርሳል።

ቆመህ ማርሹ አልገባ ካለስ? አትደብድበው። አንዳንዴ ጥርስና ጥርስ ፊት ለፊት ይገጥማሉ። እጀታውን በቀስታ ወደምትፈልገው ቦታ ገፋ አድርገህ ይዘህ ፍሪሲዮኑን ጥቂት ልቀቀው። ጥርሱ ትንሽ ሲዞር ራሱ ይወድቃል። ስትነሳ ደግሞ ነዳጅ አትስጥ። የእነዚህ ሞተሮች ጉልበት በቂ ነው፤ ሜዳ ላይ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ስትለቅ መኪናዋ በራሷ ትሄዳለች። ባዶ ከሆንክ ሁለተኛም ሦስተኛም ልትነሳ ትችላለህ።

ማርሽ መቀነስ ከመጨመር ይከብዳል፤ ምክንያቱም ተቃራኒ ነው። አሁን ጥርሱን የምታፈጥነው አንተ ነህ። ዙሩ 1,100 አካባቢ እስኪደርስ ጠብቅ። ፍሪሲዮን ንካ፣ ወደ ዜሮ አውጣ፣ ልቀቅ፣ ነዳጅ ሰጥ አድርገህ ዙሩን ወደ 1,500 አንሳው፣ ፍሪሲዮን ንካ፣ አስገባ። አዲስ ሰው ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛው ፍጥነቱ ሳይቀንስ ማርሽ መቀነስ ነው። 45 እየሄድክ ሰባተኛ ፍለጋ ብትሄድ ሞተሩ የማይደርስበት ዙር ነው የሚጠይቅህ። ሁለተኛው ነዳጁን መፍራት ነው። ቆረጥ አድርገህ ስጠው፤ ሞተሩ ይጩህ። መታጠፊያ ጋ ስትደርስ ደግሞ ሁሉንም ነገር ከመታጠፍህ በፊት ጨርስ። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ከዚያ መሪ። መሪው ተጠምዝዞ እያለ ማርሽ መፈለግ የለም።

እና ማርሽ ቢጠፋብህስ? ይጠፋብሃል። አትደንግጥ፤ ወደ እጀታው አትመልከት፣ መንገዱን እይ። ማርሹ ዜሮ ላይ ነው። ፍጥነትህን አንብብ፣ አሃዞቹን ደምር። ማንሻዋ የት እንዳለች በጣትህ አረጋግጥ። ከዚያ ዙሩን ይገባል ብለህ ከምታስበው ትንሽ አስበልጠህ አንሳውና እየወረደ ሲመጣ በሁለት ጣትህ ማርሹን አስደግፈህ ጠብቅ። ሲደርስ ይገባል። ካልገባና ፍጥነትህ ከወረደ አንድ ቁጥር ዝቅ ብለህ ሞክር። ዳገት ላይ ከሆንክ ግን ቶሎ ነው የምትቆመው፤ ብዙ አትታገል። የአደጋ መብራት አብርተህ ዳር ያዝ፣ ቁም፣ ከዝቅተኛው ማርሽ ተነስ። ከኋላህ ያለው ጥሩምባውን ይንፋ። ጥሩምባ ካምቢዮ አይሰብርም።

ቁልቁለት ላይ ግን ይህ ቀልድ አይደለም። ከዴንቨር በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ስትወጣ የአይዘንሃወር ዋሻ ትደርሳለህ። ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ነው። ከዋሻው ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደው መንገድ እስከ 7 በመቶ ያዘነብላል፤ ፍሬን ለበጠሰበት ትራክ ተብሎ የተሠራ የጠጠር ማምለጫም አለው። ዓባይ በረሃን የወረደ ሰው ፍርሃቱን ያውቀዋል። እዚያ የተማርነው «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው ነው። ጥሩ ሕግ ነው፣ እዚህም የድሮዎቹ ሹፌሮች ይሉታል። የዛሬ ትራኮች ላይ ግን አይበቃም። ሞተራቸው ጉልበታም ስለሆነ በከፍተኛ ማርሽ ይወጣሉ። ቅርጻቸውም ነፋስ እንዲሰነጥቅ ተደርጎ ስለተሠራ ሲወርዱ የሚይዛቸው ነገር ትንሽ ነው። ስለዚህ ከወጣህበት ዝቅ ባለ ማርሽ መውረድ ሊያስፈልግህ ይችላል። የሲዲኤሉ መጽሐፍም ይህንኑ ይላል።

ሲንክሮ የሌለው ካምቢዮ ሌላ የሚጨምረው አደጋ አለ። መኪናዋ ፍጥነት ከያዘች በኋላ ማርሽ ልቀንስ ብለህ ካወጣህ ወደ ታችኛው አይገባልህም። ወደነበርክበትም ላይመለስልህ ይችላል። ያኔ የሞተር ፍሬኑ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ዜሮ ላይ ሆነህ በእግር ፍሬን ብቻ ነው የምትወርደው። ስለዚህ ማርሹን ጫፉ ላይ፣ ገና ሳትጀምር ምረጥ። ከመረጥክ በኋላ አትንካው። ፍሬኑንም ይዘህ አትቆይ። መውረጃህ 40 ማይል ነው ብለህ ከወሰንክ 40 ሲደርስ ጠንከር አድርገህ ይዘህ ወደ 35 አውርደውና ልቀቀው፤ እንደገና 40 ሲሞላ ድገመው። ፍሬኑ በመሐል ይተነፍሳል።

ባለ 13ን በአጭሩ ልናገር፤ ከባለ 10 በኋላ የሚያስፈራ አይደለም። እጀታው ላይ ከማንሻዋ ሌላ በጎን በኩል አንዲት ቁልፍ ትጨመራለች። የላይኞቹን ማርሾች እያንዳንዳቸውን ለሁለት ትከፍላለች። ቁልፏን ወደፊት ገፍተህ እግርህን ከነዳጁ ላይ አንስተህ ፍሪሲዮኑን ነካ ስታደርግ በራሷ ትገባለች፤ እጀታው ካለበት አይነቃነቅም። ዳገት ላይ ጭነህ ስትወጣ ግማሽ ማርሽ ብቻ መቀነስ መቻል ትልቅ ነገር ነው። ባለ 18 የታችኞቹንም ይከፍላል። የመደመሩ ዘዴ ግን እነዚህ ላይ አይሠራም፤ የመኪናውን ቁጥሮች እንደገና መማር አለብህ።

ያለ ፍሪሲዮን ማርሽ ስለሚቀይሩት ሰዎች ደግሞ ትጠይቁኛላችሁ። አዎ፣ ይቻላል። ዙሩን በትክክል ከያዝከው ማርሹ ያለ ፍሪሲዮን ይወጣል፣ ይገባል። ብዙ ነባር ሹፌር ፍሪሲዮን የሚነካው ሊነሳና ሊቆም ሲል ብቻ ነው። እኔም አሁን ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው የምነዳው። ለጀማሪ ግን አልመክርም። ፈተና ላይ ተቀባይነት የለውም። ደግሞ ያለ ፍሪሲዮን ሞክረህ ሲያመልጥህ የሚያድንህ ያው ሁለት ጊዜ መርገጡ ነው። እሱን ሳትችል ይህኛውን ከለመድክ ዳገት ላይ ባዶ እጅህን ትቀራለህ።

ልምምድን በተመለከተ፣ የመኪና ሰዓት ውድ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ተለማመድ። «ርገጥ፣ አውጣ፣ ልቀቅ፣ ርገጥ፣ አስገባ» እያልክ ጮክ ብለህ በእግርህና በእጅህ ሥራው። አምስት ላይ ስትደርስ ጣትህ ማንሻዋን ያንሳ። ያስቃል፣ ግን እጅ የሚማረው በመደጋገም ነው። መኪናው ላይ ያለህን ሰዓት ደግሞ ከአምስት ወደ ስድስት፣ ከስድስት ወደ አምስት በመመላለስ አሳልፈው። ሁለተኛና ሦስተኛ በራሳቸው ይመጣሉ።

የፈተናው ቀን ከቻልክ ቀደም ብለህ ሂድና መኪናዋን ትንሽ ንዳት። በተለይ በበረዶ ወራት የካምቢዮው ዘይት ወፍራም ይሆናል። ዘንጉን ይይዘዋል፤ ዜሮ ላይ ስታወጣ ከለመድከው ቀድሞ ይቀንስና ልክ የነበረው ጆሮህ ልክ አይሆንም። ሲሞቅ ወደ ልማዱ ይመለሳል። ፈታኙ አጠገብህ ተቀምጦ አንድ ጊዜ ግርርር ቢል ዓለም አያልቅም። ዜሮ ላይ ሆነህ መንሸራተትና ወደ እጀታው ማፍጠጥ ግን ነጥብ ያስቆርጣል። ስለዚህ ቢጮህም ዓይንህን ከመንገዱ አታንሳ፤ ፍጥነትህን አንብብ፣ ደምር፣ በሁለት ጣት አስገባና ቀጥል።